ብስክሌት ተሸክሞ የሚሮጥበት ውድድር፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች መልስ

ባለፈው እትማችን አንድ ብስክሌተኛ ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ ጭቃማ አቀበት ሲወጣ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ካወጣን ወዲህ፣ ሰውየው ጎማው ተንፍሶበት ነው ወይስ ጨዋታው እንዲህ ነው የሚሉ ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ጎማው አልተነፈሰም። ውድድሩ ሳይክሎክሮስ ይባላል፤ በሣር፣ በአሸዋ፣ በጭቃና በደረጃ ላይ በጥብጣብ ተከልሎ በተሠራ አጭር ዙር የሚደረግ ሲሆን፣ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በየመጸው ቅዳሜና እሁድ ብዙ አማተሮች ይካፈሉበታል። ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱን መርጠናል።

«የአሥራ አራት ዓመት ልጄ ለትምህርት ቤቱ አገር አቋራጭ ይሮጣል። ዋሽንግተን ውስጥ በጡረተኛ ወታደሮች መኖሪያ ግቢ የተደረገውን ይህን ውድድር ከጓደኞቹ ጋር አይቶ ከመጣ ጀምሮ ‹እኔ ሯጭ ስለሆንኩ ሁሉንም እቀድማቸዋለሁ› ይላል። እውነቱን ነው? ደግሞስ እሁድ ከሆነ ቅዳሴው እንዴት ሊሆን ነው?» — አንድ አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ልጅዎ የደረሰበት መደምደሚያ የጃንሜዳ ወሬ በማይጠፋበት ቤት የሚጠበቅ ነው። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2006 ለአምስት ተከታታይ ዓመታት የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮናን በአጭሩም በረጅሙም ርቀት ሲያሸንፍ ያየ ቤተሰብ፣ ጭቃና እግር የተገናኙበት ሜዳ ሁሉ የራሱ ቢመስለው አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በሳይክሎክሮስ ውስጥ ያለው ሩጫ ከፎቶግራፉ እንደሚታየው ብዙ አይደለም። ዩሲአይ ተብሎ የሚታወቀው ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት በደነገገው መሠረት አንዱ ዙር ከ2.5 እስከ 3.5 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ከዚህም ቢያንስ 90 በመቶው ሳይወርዱ ሊነዳ የሚችል መሆን አለበት። ተወዳዳሪው እንዲወርድ የሚያስገድዱት፣ በመንገዱ ላይ የተጋረጡት ሁለት ጣውላዎች ቁመታቸው ከ40 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ሁለቱን ለማለፍ የሚያስፈልገውም ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው።

ጊዜ የሚተርፈውም የሚባክነውም ከሩጫው በፊትና በኋላ ባሉት ሁለት ቅጽበቶች ነው። የለመደ ሰው ጣውላው ጋ ሳይደርስ ቀኝ እግሩን ከኮርቻው በስተኋላ አዙሮ፣ በግራ እግሩ ፔዳሉ ላይ እንደቆመ ይንሸራተትና ፍጥነቱን ሳይቀንስ መሬት ረግጦ ይሮጣል። መሰናክሉን ካለፈ በኋላም ብስክሌቱን አቁሞ አይወጣበትም፤ እየሮጠ ዘሎ በቀኝ ጭኑ ውስጠኛ ገጽ ኮርቻው ላይ ያርፋል። ይህን ያልተማረ ፈጣን ሯጭ ጣውላዎቹን ከሁሉ ቀድሞ ይሻገርና፣ ብስክሌቱን አቁሞ ፔዳል ሲፈልግ አምስት ሰው ያልፈዋል። ከዚያም የሚከተሉት በጥብጣብ የታጠሩ ጠባብ መታጠፊያዎች ናቸው፤ እርጥብ ሣር ላይ እየታጠፈ ፍሬን የሚይዝ ሰው ሳምባው የቱንም ያህል ቢሰፋ አይጠቅመውም። እኔ የሩጫ ልምድ ያላቸው ጀማሪዎች በመጀመሪያው ውድድራቸው ሲያዝኑ በተደጋጋሚ አይቻለሁ። ልጅዎ ለአንድ ወር ያህል በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ ብቻ፣ መናፈሻ ሣር ላይ መውረድና መውጣት ቢለማመድ፣ በመጀመሪያ ያለ ምንም መሰናክል፣ ኋላም መሬት ላይ በተጋደመ እንጨት፣ ያን ጊዜ ሳምባው ዋጋ ያወጣለታል። በተለይ አሸዋና ደረጃ ባለበት ሜዳ ጥቅሙ ይታያል። የትምህርት ቤቱ የአገር አቋራጭ ወቅትም በዚሁ በመጸው ስለሆነ አሠልጣኙ አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል።

ስለ ቅዳሴው፦ አንዳንዶቹ ውድድሮች ቅዳሜና እሁድ ለሁለት ቀን ስለሚደረጉ፣ ቅዳሜን መርጦ እሁድን ለቤተ ክርስቲያን መተው ይቻላል። የእሁድ ብቻ የሆነው ይቅርበት፤ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ የሚበቃ ውድድር አለ። እግረ መንገድዎን እርስዎም አብረውት ይሂዱ። ልጅዎ ያየው ግቢ እ.ኤ.አ. በ1851 የተመሠረተ የወታደሮች መጦሪያ ነው፤ ፕሬዚዳንት ሊንከን በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን በጋውን ያሳለፉበት ቤትም እዚያው ይገኛል።

«ዕድሜዬ 41 ነው፤ ነርስ ነኝ። ወደ ሥራ የምመላለስበት አንድ የተራራ ብስክሌት አለኝ። የሥራ ባልደረባዬ እንድወዳደር ትጎተጉተኛለች፤ የብስክሌቶቹን ዋጋ ሳየው ግን ደነገጥኩ። መጨረሻ ወጥቼ መሳቂያ መሆንንም እፈራለሁ።» — ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

እህቴ፣ ምንም አይግዙ። ሻጮች የማይነግሩዎት ነገር ቢኖር በአካባቢ የአማተር ውድድር በተራራ ብስክሌት መሳተፍ የተፈቀደ መሆኑን ነው፤ በመሪው ጫፍና ጫፍ እንደ ቀንድ የሚቆሙ ተጨማሪ መያዣዎች ካሉት ግን ሰው እንዳይወጉ መፈታት አለባቸው። የጎማው ስፋት ከ33 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ የሚያዘው ደንብም የሚመለከተው በዩሲአይ ደረጃ የሚወዳደሩትን እንጂ እርስዎን አይደለም። የሚያስፈልግዎት በሚገባ የሚይዝ ፍሬን፣ ሄልሜትና ለአንድ ቀን የሚሰጠው የተወዳዳሪነት ፈቃድ ነው። ባለሙያዎቹ ጭቃ በበዛ ቁጥር በየግማሽ ዙሩ የሚቀይሩት ሁለተኛ ብስክሌት በጥገናው ቦታ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል፤ አማተር ግን ባለችው አንዲት ብስክሌት ይጨርሳል። ሁለት ዓመት ከተወዳደሩ በኋላም ፍቅሩ ካልበረደልዎ፣ ያን ጊዜ ያገለገለ ይፈልጉ።

ገንዘብ ሳያወጡ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣው ጎማ ውስጥ ያለው አየር ነው። አስፋልት ላይ የለመደ ሰው ጎማውን እንደ ድንጋይ አድርጎ ነፍቶ ይመጣና ሣሩ ላይ እየዘለለ ይንሸራተታል። ጎማው ለስለስ ሲል መሬቱን በሰፊው ይይዛል፤ ሥር ወይም ጠጠር ሲያገኝም ይጎብጥለታል እንጂ አይነጥርም። የውስጥ ጎማ የሌላቸው ቀጫጭን የሳይክሎክሮስ ጎማዎች እንደ ነጂው ክብደት ከ20 እስከ 30 ፒኤስአይ (በጎማ መንፊያው ላይ የሚነበበው የአየር ግፊት መለኪያ) ባለው መጠን ይነዳሉ፤ የእርስዎ ሰፊ ጎማ ከዚህም ዝቅ ሊል ይችላል። የውስጥ ጎማ ካለው ግን በጣም ከወረደ በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ስለሚበሳ ጥቂት ይጨምሩ። ከውድድሩ በፊት ሜዳውን ሁለት ጊዜ ይዙሩና፣ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እያስተነፈሱ፣ ቸርኬው መሬት ሲነካ ሲሰማዎት እዚያ ላይ ያቁሙና ትንሽ መልሰው ይንፉ። ቁጥሩን ከሌላ ሰው አይቅዱ።

መጨረሻ ስለ መውጣት የጻፉት ይበልጥ ይመለከተኛል፤ ምክንያቱም እኔም በመጀመሪያ ውድድሬ ከመጨረሻው ሁለተኛ ነበርኩ። የጀማሪዎች ውድድር የሚለካው በርቀት ሳይሆን በጊዜ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይሆናል። ዳኞቹ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ፍጥነት አይተው ስንት ዙር እንደሚበቃ ይወስናሉ፤ የመጨረሻው ዙር ሲደርስም ደወል ይደወላል። መሪዋ ዞራ ብትደርስብዎት በየትኛው ጎን እንደምታልፍ ጮኽ ብላ ትናገራለች፤ እርስዎ ያለ መደናገጥ መስመርዎን ይጠብቁ። እሷ ውድድሩን ስትፈጽም እርስዎም የያዙትን ዙር ጨርሰው ይገባሉ፤ በውጤቱም ላይ በአንድ ወይም በሁለት ዙር ተቀድመው ይጻፋሉ፤ ከዚህ የከፋ አይደርስብዎትም። በትልልቆቹ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ኋላ የቀረ ተወዳዳሪ ከሜዳ ይወጣል፤ በመንደር ውድድር ግን እስከ መጨረሻው መንዳት የተለመደ ነው።

መሳቂያ ይሆኑ እንደሆነ ለጠየቁት፣ ከጥብጣቡ ውጭ የሚቆመው ተመልካች በእጁ ቃጭል ይይዛል። ከአውሮፓ የመጣ ልማድ ነው፤ ለእኛ ከብት የሚያስታውሰን ድምፅ እዚያ የአድናቆት ምልክት ሆኗል፤ አብዝቶ የሚንጫጫውም ፊተኞቹ ሲያልፉ ሳይሆን ጭቃ ለብሳ የምትፍጨረጨረው ኋለኛዋ ስትመጣ ነው። አንዳንዱ አቀበት ላይ ቆሞ የአንድ ዶላር ኖት ይዘረጋላታል፤ ይዛ ብታልፍ የእሷ ነው። የምር ውድድሩም ፊት ብቻ አይደለም። በዚያች በመጀመሪያ ቀኔ ከእኔ የሚበልጡ አንድ ሽማግሌ አሸዋው ላይ ያልፉኛል፣ መታጠፊያው ላይ እመልሳቸዋለሁ፤ እንዲህ ስንባባል አርባ ደቂቃው አለቀ፤ አሸናፊው ማን እንደሆነ ሁለታችንም አልጠየቅንም።

ሲመዘገቡ ከሴቶች የጀማሪ ምድብና ከ40 ዓመት በላይ ካለው ምድብ የመጀመሪያውን ይምረጡ፤ በዕድሜ የተከፈለው ምድብ ለዘብ ያለ ቢመስልም ሃያ ዓመት የነዱ ሴቶች ያሉበት ነው። በጀማሪዎቹ ምድብም ቢሆን ወደ ላይ ማለፍ ሲገባው በየሳምንቱ ለማሸነፍ እዚያው የሚደበቅ ሰው አይጠፋም፤ ይህ በአማተሮች ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስነቅፍ ጠባይ ነውና በእሱ ፍጥነት ራስዎን አይለኩ። መነሻው ላይ ከኋላ ይቁሙ። በመጀመሪያው መታጠፊያ የሚወድቁት ፊት ለፊት የተጋፉት ናቸው።

«በጾመ ነቢያት መወዳደር ይቻላል? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልበላ ነው የምቆየው።» — ከአርሊንግተን

ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ያሉት ውድድሮች በጾሙ ውስጥ ይውላሉ። ለ40 ደቂቃ የሚበቃ ስንቅ ጤነኛ ሰው በጡንቻውና በጉበቱ ውስጥ ይዞ ያድራል፤ ስለዚህ ዋናው የዋዜማው ምሽት ነው፤ እንጀራና ምስር ወጥ በቂ ነው። የሚያሰጋኝ ውኃ ሳይጠጡ መዋሉና ከውድድሩ በኋላ በብርድ ውስጥ ባዶ ሆድን ይዞ መቆየቱ ነው። ጠዋት ያለውን ምድብ ይምረጡ፣ ደረቅ ልብስ ይያዙ፤ የቀረውን የንስሐ አባትዎ ይወስኑ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይሞክረው።

«አዲስ አበባ ያለን ጥቂት ብስክሌተኞች ነን። ጭቃ እንደሆነ ሞልቶናል፤ እዚህ ልናዘጋጀው እንችላለን?» — ከአዲስ አበባ

ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ወቅቱን እንዳለ አትቅዱ። በአውሮፓ ሳይክሎክሮስ የተወለደው የመንገድ ውድድር በሚያርፍበት በመጸውና በእነሱ ብርዳማ ክረምት ሰውነት እንዳይሰንፍ ነው። ዳንኤል ጉሶ የተባለው የፈረንሳይ ወታደር የመጀመሪያውን የአገሪቱን ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1902 አዘጋጀ፤ ኦክታቭ ላፒዝ እ.ኤ.አ. በ1910 ቱር ደ ፍራንስን ሲያሸንፍ ሳይክሎክሮስ እንደጠቀመው መናገሩ ስፖርቱን አስፋፋው። የእነሱ ወራት ለእናንተ ሰማዩ የጠራበት፣ መሬቱ የሚደርቅበት ነው፤ ጭቃውን የምትሹ ከሆነ ከሐምሌ እስከ መስከረም መጀመሪያ ማሰብ አለባችሁ።

ጭቃም ከጭቃ ይለያያል። የአዲስ አበባ ቆላማ ሰፈሮች ዋልካ ከረጠበ በጎማውና በብስክሌቱ አካል መካከል እንደ ሊጥ ተጠቅጥቆ ቸርኬውን ጨርሶ ያቆመዋል፤ ያን ጊዜ መሸከም እንጂ መንዳት የለም። ሣር የለበሰ ወይም ጠጠር የተቀላቀለበት ቀይ አፈር ያለው ተዳፋት ፈልጉ። ዙሩን አጭር አድርጉት፤ ሁለት ሦስት ሰው ጎን ለጎን ያልፍ ዘንድ ስፋቱ ከ3 ሜትር አይነስ፤ መነሻው ቀጥ ብሎ ይርዘም። ወደ እንጦጦ የምትወጡ ከሆነ ከፍታው ትንፋሽን ስለሚያሳጥር፣ ለጀማሪዎች 20 ደቂቃ ይበቃል።

ከውድድሩ በኋላ ብስክሌቱን በላስቲክ ቱቦ በኃይል በሚወረወር ውኃ አትጠቡት፤ ውኃው ኩስኔታዎቹ ውስጥ ገብቶ ቅባቱን ያጥበዋል። አንድ ባልዲ ውኃና ብሩሽ ይበቃል፤ ካቴናውንም በጨርቅ አድርቃችሁ በዚያው ምሽት ዘይት ቀቡት።