ሱቅ ከመከራየታችሁ በፊት ደረጃው ስር ተቀመጡ

በዚህ ሰሞን ሦስት ወጣቶች በተለያየ ቀን ቤቴ ድረስ መጥተው አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ጋሼ፣ አዲሱ ሕንፃ ላይ ሱቅ ልንይዝ ነው፣ ምን ይመስልሃል?» (የድሬዳዋ ልጅ አንቱታ ላይ ብዙም አይደለም፣ እኔም አልቀየምም።) ለሦስቱም የነገርኳቸውን እዚህ ልጻፈው፤ አራተኛው ሲመጣ ሻዩን ብቻ አጠጣዋለሁ።

ከ30 ዓመት በላይ የነጋዴ ሒሳብ መዝገብ ስይዝ ነው የኖርኩት፣ ከዚራም መጋላም። የሰው ትርፍና ኪሳራ ሳሰላ ኖሬ የራሴ ሲመጣ ግን ተሸወድኩ። ጡረታ እንደወጣሁ ያጠራቀምኳትን ይዤ አንድ አዲስ የገበያ ማዕከል ሁለተኛ ፎቅ ላይ የልጆች ልብስ ሱቅ ከፈትኩ። መስታወቱ ያብረቀርቃል፣ ወለሉ ፊት ያሳያል። ቤቱን ለመያዝ የቁልፍ የሚባለውን ብር ከፈልኩ፣ የስድስት ወር ኪራይም ቀድሜ ቆጠርኩ። ባለቤቴ ቤቱን ልታይ መጣችና ላቧን እየጠረገች «በዚህ ሙቀት ይሄን ደረጃ ማን ይወጣዋል?» አለችኝ። ሊፍት አለ አልኳት። ሊፍቱ መብራት ሲኖር ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ለባንኩ ብቻ ነበር።

ደብተሬ አሁንም አለ። አንድ ማክሰኞ የገባውን ሰው መዝግቤያለሁ፣ 9 ሰው። ከ9ኙ 4ቱ የጠየቁኝ ሽንት ቤት የት እንደሆነ ነው።

የገረመኝ ደግሞ ይሄ በእኛ ብቻ የመጣ አለመሆኑ ነው። የወንድሜ ልጅ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው፣ አንድ ቀን እሱ ያለበት አካባቢ የባዶ የገበያ ማዕከል ፎቶ ላከልኝ። በአሜሪካ ጣሪያ ለብሶ ዙሪያው ተዘግቶ የተሠራው የመጀመሪያው ትልቅ ሞል እዚያው ሚኒሶታ ነው፣ ሳውዝዴል ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ተከፈተ። ሰው ብርዱን ሸሽቶ ይገባል ተብሎ ነው። ሁለት ትልልቅ ሁሉን ሻጭ መደብሮች ነበሩበት፣ ትንንሾቹ ሱቆች ደግሞ መሃል። ትልልቆቹ በአነስተኛ ኪራይ ይገባሉ፣ ምክንያቱም ሕዝቡን የሚጎትቱት እነሱ ናቸው፤ ትንሹ ሱቅ እነሱን ብሎ የመጣው ሰው ሲያልፍ ይሸጣል። እንግዲህ ትልቁ መደብር ሲከስር ምን እንደሚሆን አስቡት። ሲርስ የሚባለው ስንት ዘመን የኖረ መደብር በ2018 እ.ኤ.አ. ኪሳራ አወጀ፤ ብዙ ቦታ እሱን ተደግፈው የቆሙት ሱቆችም አብረው ደረቁ። ሰው ዕቃውን በስልኩ አዞ ቤቱ ይቀበላላ!

እኔ ያለሁበት ሕንፃ ማን ነበር ሕዝብ የሚጎትተው? ምድር ቤት ባንክ፣ ከባንኩ ጎን ሌላ ባንክ። ባንክ የገባ ሰው ደግሞ ብሩን ይዞ ቶሎ ነው የሚወጣው፣ የልጅ ካልሲ ልይ ብሎ ፎቅ አይወጣም።

ከተማችን ራሷ ይሄን ታውቀዋለች እኮ። ባቡሩ ሐረር መውጣት ትቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሜዳ ላይ ሲቆም የሐረር ንግድ ቁልቁል ወረደ። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ ዓረቡ ከዚራና መጋላ ሱቅ ከፈተ። ልጅ ሆኜ ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ሲገባ ለገሃር በር ላይ ሴቶቹ ጥቅላቸውን ተሸክመው ሲወርዱ ገበያው በአንዴ ይሞቅ ነበር። አሮጌው ባቡር ቀረ፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ደግሞ ጣቢያው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። ከለገሃር ፊት ያሉት ሱቆች ምን አጠፉ? ምንም። ታይዋን የሚባለው ገበያችን ግን ፎቅ የለው፣ መስታወት የለው፣ ሂዱና መተላለፊያ ፈልጉ እስቲ።

ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ሳምንት ሕንፃው በር ላይ ተቀመጡ። ጠዋት ቁጠሩ፣ ከቀትር በኋላ ከተማው በርጫ ላይ ሲሆን ቁጠሩ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ደግሞ ቁጠሩ፣ ድሬ የምትነቃው ያኔ ነው። ባጃጅ ሰው የሚያወርደው የት ጋ ነው? የገዛውን ዕቃ ተሸክሞ የሚወጣ አለ ወይስ ባዶ እጁን? ለቆ የወጣውን ተከራይ ፈልጉና ለምን እንደለቀቀ ጠይቁት፣ አከራዩን አትጠይቁት። የኪራይ ጭማሪው በየስንት ጊዜ እንደሆነ በወረቀት ይስፈር። የቁልፍ ብር እንደማይመለስ ደግሞ እኔ ልንገራችሁ።

እኔ በስምንተኛው ወር ዘጋሁ። ልብሱን በካርቶን ሳወርድ ደረጃው ስር ሳምቡሳ የምትሸጠዋ ልጅ ተነስታ አገዘችኝ። ሱቁ ከተከፈተ ጀምሮ እዚያው ናት። ማን ወጣ፣ ማን ገዝቶ ወረደ፣ ማን ባዶውን ወረደ፣ ሁሉን ታውቃለች። «ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?» አልኳት።

«አቦ፣ መቼ ጠየቅከኝ?»

ሁለት ሳምቡሳ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ሂሳቡን ግን አልቀበልም አለች።