ትዕዛዝ አንድ፣ ኤስኤምኤስ ሁለት

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው የላራቬል (በፒኤችፒ የዌብ ፕሮግራም የሚሠራበት ፍሬምወርክ) ኢቨንትና ሊስነር ጣጣ ናቸው። ለአዲስ ገቢዎች ባጭሩ፦ ኢቨንት ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ነገር መሆኑን የሚያውጅ ነው፤ የእድር ጥሩምባ በሉት። ነፊው «እገሌ አርፏል» ብሎ ያልፋል። ማን ድንኳን ይትከል፣ ማን ወንበር ይሸከም፣ የሱ ጉዳይ አይደለም። ሰምቶ የሚነሳው ሊስነር ነው።

«ደንበኛ አንድ ጊዜ ሲያዝ ኤስኤምኤስ ሁለቴ ይደርሰዋል። ኢቨንቱ የሚነሳው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ አረጋግጫለሁ። ፕሮጀክቱ አዲስ ነው፣ ላራቬል 11። ጨርቄን ልጥል ነው!»

ቆይ፣ አትጣል። ጥሩምባው አንዴ ነው የተነፋው፤ አንዱ እድርተኛ ግን መዝገብ ላይ ሁለቴ ተጽፏል።

ላራቬል 11 ላይ በተጀመረ አዲስ ፕሮጀክት ሊስነሮችን ፍሬምወርኩ ራሱ ፈልጎ ያገናኛቸዋል። «ሊስነርስ» የተባለውን ፎልደር ይቃኛል። «ሃንድል» የተባለው ሜተድ የትኛውን ኢቨንት እንደሚቀበል ከታይፑ ያነባል። ከዚያ ይመዘግባል። ድሮ ካልፈቀድክለት ይህን አያደርግም ነበር። አንተ ደግሞ በድሮው ልማድ ሰርቪስ ፕሮቫይደር (ፕሮግራሙ ሲጀምር ነገሮች የሚመዘገቡበት ክላስ) ውስጥ በእጅህ አስመዝግበኸው ይሆናል። ሁለት ምዝገባ፣ ሁለት ኤስኤምኤስ።

ለማጣራት በአርቲሳን (የላራቬል የትዕዛዝ መስመር መሣሪያ) «ኢቨንት፡ሊስት» የምትለውን ትዕዛዝ አስኪድ። እያንዳንዱን ኢቨንት ከነሰሚዎቹ ትዘረዝርልሃለች። አንድ ሊስነር ሁለቴ ከታየህ የእጅ ምዝገባውን ሰርዝ። ሁሉንም በእጅህ መያዝ ከመረጥክ ደግሞ ራሱ መፈለጉን «ቡትስትራፕ» ፎልደር ውስጥ ባለው «አፕ» ፋይል ላይ ማጥፋት ትችላለህ። የፈለግከውን ምረጥ፣ ሁለቱን ግን አታደባልቅ። እኔ በዚህችው ነገር አንድ ቅዳሜዬን ሙሉ በልቻለሁ፤ ኤስኤምኤስ ላኪውን ድርጅት ስረግም ነበር የዋልኩት።

«ትዕዛዝ፣ መጋዘንና መልእክት የሚባሉ ሦስት ሞጁሎች (የፕሮግራሙ ክፍሎች) አሉኝ። ትዕዛዝ ሲገባ መጋዘኑ ዕቃ ይቀንሳል። ሊስነሩን የት ላስቀምጠው?»

መጋዘን ውስጥ። ኢቨንቱ የትዕዛዝ ሞጁል ንብረት ነው፤ የሆነውን የሚያውቀው እሱ ስለሆነ። ሊስነሩ ግን ሥራውን ከሚሠራው ጋር ይኑር። ምዝገባውም እዚያው፣ በመጋዘን ሞጁል የራሱ ሰርቪስ ፕሮቫይደር። ያኔ ነገ የመልእክት ሞጁሉን ብታስወግጂው የትዕዛዝ ኮድ አንድ መስመር አይነካም። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ከላይ ያልኩት ቅኝት ካልነገርሽው በቀር ሌላ የሞጁል ፎልደር ውስጥ አይገባም። «ሊስነሬ ደነቆረ» ከሚሉት አብዛኞቹ እዚህ ላይ ነው የሚወድቁት።

«መጀመሪያ ዕቃው ይቀነስ፣ ከዚያ ደረሰኝ ይላክ። ለሊስነሮች ቅደም ተከተል መስጠት ይቻላል?»

ላራቬል ይህን ከ5.4 ጀምሮ አስቀርቶታል። በሲምፎኒ (ሌላ የፒኤችፒ ፍሬምወርክ) አለ፤ ቁጥር ትሰጣለህ፣ ትልቁ ቀድሞ ይሠራል። ግን ምክሬን ከፈለግክ፣ አንዱ ካላለቀ ሌላው መጀመር የሌለበት ከሆነ ነገሩ የኢቨንት ሥራ አይደለም። ሁለቱን በተራ በቀጥታ ጥራቸው። ያን ኮድ ከስድስት ወር በኋላ የሚያነበው ሰው፣ ምናልባትም አንተው፣ ይመርቅሃል።

«ሊስነሬን ወደ ኪው (ሥራ ከጀርባ በተራ የሚሠራበት ወረፋ) ስወስደው አንዳንዴ ‹ትዕዛዙ የለም› ይለኛል። ዳታቤዙን ስከፍት ግን ቁጭ ብሏል።»

«አንዳንዴ» የምትለዋ ቃል ናት ያጋለጠችው። ኢቨንቱን የምታነሺው ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸኑ ወይም አብረው የሚሰረዙ የዳታቤዝ ለውጦች) ሳይዘጋ ነው። የኪው ሠራተኛው ፈጣን ነው፤ ኮሚት ሳታደርጊ (ለውጡን ሳታጸኚ) ይደርስና ትዕዛዙን ይፈልጋል። ለሱ ገና አልተጻፈም። ላራቬል ሊስነሩ ከኮሚት በኋላ ብቻ ወደ ኪው እንዲገባ የሚያደርግ መንገድ አለው፤ ሊስነሩ ላይ «አፍተር ኮሚት»ን እውነት ማድረግ ይበቃል። ትራንዛክሽኑ ከተሰረዘም ሊስነሩ ጭራሽ አይነሳም፤ ደንበኛውም ላልተመዘገበ ትዕዛዝ «እናመሰግናለን» አይባልም።

«እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፣ ሰርቨር ላይ አዲሱ ሊስነር አይሰማም።»

ካሽ፣ ማለትም ለፍጥነት የተቀመጠ ቅጂ። ሰርቨሩ የድሮውን የሊስነሮች ዝርዝር ይዞ ነው። አዲስ ኮድ በጫንክ ቁጥር «ኢቨንት፡ካሽ»ን አስኪድ። ሊስነሩ በኪው የሚሠራ ከሆነ ሠራተኞቹንም እንደገና አስነሳቸው፤ አሮጌውን ኮድ ሜሞሪያቸው ላይ እንደያዙ ነው የሚቀጥሉት።

«ብሮውዘር ላይ በጃቫስክሪፕት ሊስነር አስወግዳለሁ፣ ግን አልወገድ ይላል።»

ስትመዘግቢ ስም የሌለው ፈንክሽን ሰጥተሽ፣ ስታስወግጂ ደግሞ ተመሳሳዩን እንደገና ጽፈሽ ከሆነ ለብሮውዘሩ ሁለት የተለያዩ ፈንክሽኖች ናቸው። ስህተትም አያሳይሽም፤ ዝም ይላል። ፈንክሽኑን ስም ስጪውና ያንኑ አሳልፊ። አንድ ሞጁል ብዙ ሊስነር ካለው ደግሞ ለሁሉም የአንድ «አቦርት ኮንትሮለር» (ብዙ ነገር በአንዴ የሚያቋርጥ የብሮውዘር መሣሪያ) ሲግናል ስጫቸው። ሞጁሉ ሲዘጋ አንዴ አቦርት ስትይ ሁሉም ይወገዳሉ።