መልስ፦ የእናቴ ጉልበት ብርድ ነው ወይስ ሌላ?

እናትህ 61 ዓመታቸው ነው፣ ሲነሱ ጉልበታቸው ይንቋቋል ብለሃል። የእኔም እናት እዚሁ ጅማ ስንት ዓመት «ብርድ ነው» ስትል ኖራ ኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ልስላሴ እየተበላ የሚመጣ ሕመም) ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2019 እ.ኤ.አ. 528 ሚሊዮን ሰው ነበረበት፤ 60 በመቶው ሴቶች ናቸው፣ በብዛት የሚይዘው ደግሞ ጉልበትን ነው።

ጠዋት ተሳስሮ ከግማሽ ሰዓት በታች የሚፈታ ከሆነ ወደዚህ ያደላል። ካበጠና ካተኮሰ ግን ቶሎ ይታዩ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይበቃል።

ከፋርማሲ ዝም ብሎ ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ መዋጥ ይቅር፤ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ ግፊትም ያስነሳል። እማዬን የጠቀማት የጭን ጡንቻ ስፖርት ነው። ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ቀጥ፣ ዝቅ፣ በቀን ሁለቴ። ቡና የምታፈላበትን ባለ ሦስት እግር በርጩማም ደብቀን ከፍ ያለ ወንበር ሰጠናት። ለሳምንት አኮረፈችን!