ከስኮላርሺፑ በፊት ጥያቄው

ልጆቼ፣ በጂኦሎጂ ወይም በጂኦግራፊ የተመረቃችሁ ብዙዎቻችሁ «የጥንት አየር ንብረት ላይ ማስተርስ መማር እፈልጋለሁ፤ ስኮላርሺፕ የት ይገኛል?» ትሉኛላችሁ። መልሴን አትወዱት ይሆናል። ስኮላርሺፑን ለጊዜው ተዉትና ጥያቄ ፈልጉ።

ጣናን እንውሰድ። ዛሬ ታንኳ የሚቀዘፍበት ሐይቅ ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር። እንዴት ታወቀ? ከሐይቁ መሃል በቱቦ ደለል ወጣ። ከላይ ያለው ለስላሳ ጭቃ ነው። ከሥሩ ግን ድርቅ ብሎ የጠጠረ ደለልና የደንገል ብስባሽ ተገኘ። ደንገል ደግሞ ረግረግና ዳርቻ ላይ እንጂ ጥልቅ ውኃ መሃል አይበቅልም። ሐይቁ ከደረቀ ዓባይ ከጣና አይወጣም ነበር ማለት ነው። ታዲያ ያኔ ግብፅ የሚደርሰው ውኃ ምን ያህል ነበር? ዝናቡስ ለምን ጠፋ? አያችሁ፣ አንድ ክንድ የማትሞላ ጭቃ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ ትወልዳለች!

ወደ ደቡብ ስንወርድ፣ ኬንያ ድንበር አጠገብ፣ ጨው ባሕር የሚባል ቦታ አለ። በ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አንድ ዓለም አቀፍ ቡድን እዚያ 280 ሜትር ገደማ ቆፍሮ የ620,000 ዓመት ታሪክ አወጣ። የኛው ጂኦሎጂስት አስፋወሰን አስራት ከመሪዎቹ አንዱ ናቸው። ደለሉ ውስጥ ፖታሲየም ሲበዛ ዘመኑ ደረቅ፣ ሲያንስ እርጥብ ተብሎ ይነበባል። ግን አንድ ምልክት ብቻውን አይታመንም፤ ሁልጊዜ ሁለተኛ ምስክር ፈልጉ።

እና ደስ የሚለው ነገር፣ ለመጀመር ቪዛ አያስፈልግም። ኖዋ (NOAA) የተባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት የጥንት አየር ንብረት መረጃ ቋት ለማንም ክፍት ነው። ደለል ውስጥ የሚገኘውን የፖለን፣ ማለትም የዕፅዋት የአበባ ብናኝ፣ መረጃ ከፈለጋችሁ ኒዮቶማ (Neotoma) የሚባል ቋት አለላችሁ። አንዱን አውርዱ፣ በፓይተን ወይም በአር (R) የኮምፒውተር ቋንቋ ግራፉን ራሳችሁ ሥሩት። ኢንተርኔቱ ካስቸገረ ሌሊት አውርዱ፤ እኛ ዘመን ይኼም አልነበረም።

ከዚያ ነው ለፕሮፌሰር መጻፍ። «በላብራቶሪዎ ለመሥራት እጅግ ጓጉቻለሁ» የሚል፣ ስሙ ብቻ እየተቀየረ ለመቶ ሰው የሚላክ ኢሜይል ሳይነበብ ይጠፋል። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ «የባሌውን የጋርባ ጉራቻ ሐይቅ የፖለን መረጃ አየሁት። የበረዶው ዘመን ካበቃ በኋላ የአስታ ዛፍ ሲስፋፋ ይታያል። ያስፋፋው ዝናቡ ነው፣ ሙቀቱ ወይስ ሰደድ እሳቱ? ከደለሉ ውስጥ ከሰሉን ቆጥሬ ማየት እፈልጋለሁ።» አራት አምስት መስመር ይበቃል። እንዲህ የሚጽፍን ልጅ ገንዘብ ያለው ፕሮፌሰር ዝም አይለውም። ባይኖረው እንኳ ያለውን ሰው ይጠቁማል። ስኮላርሺፕ የሚሰጡት የጀርመኑ ዳድም (DAAD) ሆነ የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ በየዓመቱ ጥሪ ያወጣሉ፤ ማመልከቻው ላይ ለምን መማር እንደፈለጋችሁ ስትጽፉም ያው ጥያቄያችሁ ይጠቅማችኋል።

እሺ ከመባላችሁ በፊት ግን አፍ ይኑራችሁ። ለሬድዮካርቦን ዕድሜ ምርመራ የሚከፍለው ማነው? ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ያለ ዕድሜ ደግሞ ደለል ተራ ጭቃ ነው። ናሙናው የት ይቀመጣል? በሚታተመው የመጀመሪያ ጽሑፍ ላይ ስሜ የት ይገባል? ልጆቻችን መንገድ መርተው፣ አስተርጉመው፣ ሣጥን ተሸክመው ስማቸው ምስጋና ውስጥ ብቻ ሲቀር አይቻለሁ። በጣም ያናድደኛል። መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ደህና ሰው አይቀየማችሁም።

ደግሞ ሥራው አሰልቺ ነው፤ አልዋሻችሁም። ፖለን የሚቆጥር ሰው ከእያንዳንዱ ናሙና ብዙውን ጊዜ 300 ቅንጣትና ከዚያ በላይ በማይክሮስኮፕ አንድ በአንድ ይለያል። ናሙናው ደግሞ ብዙ ነው። አንገት ያማል፣ ዓይን ይደክማል። ማይክሮስኮፕ ላይ ቁጭ ማለት የማይሆንላችሁ ከሆነ በኮምፒውተር የሚሠራው የአየር ንብረት ሞዴል ላይ ግቡ። እዚያም የፖለን ቆጣሪዎቹን ውጤት ከሞዴሉ ጋር የሚያስተያይ ሰው ይፈለጋል።