በብረትና በፀሐይ ብርሃን የቀለም ውኃን ማጥራት፦ ጥያቄና መልስ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ተማሪዎችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች ስለ ፎቶ-ፌንተን (ብረት፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ብርሃን አብረው ቀለሙን የሚሰባብሩበት ዘዴ) የጠየቃችሁት ከነመልሱ እነሆ።

ጥያቄ፦ ብረት ካለ ብርሃኑ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ፌረስ ብረት (ሁለት ኤሌክትሮን ያጣው፣ Fe²⁺) ለሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ኤሌክትሮን ይሰጠዋል፤ ፐርኦክሳይዱም ተሰንጥቆ ቀለሙን የሚሰባብረው ሃይድሮክሲል ራዲካል (ያገኘውን ወዲያው የሚያጠቃ ቅንጣት) ይወጣል። ብረቱ ግን ፌሪክ (ሦስት ኤሌክትሮን ያጣው፣ Fe³⁺) ሆኖ ይቀራል፣ በጨለማ ደግሞ ወደ ፌረስ የሚመለሰው በጣም በዝግታ ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ከፌሪኩ ጋር የተያያዘው ሃይድሮክሳይድ ኤሌክትሮኑን ለብረቱ ይለቃል፤ ፌረስ ይመለሳል፣ ተጨማሪ ራዲካልም ይገኛል።

ጥያቄ፦ ለ1 ሊትር ሙከራ መጠኑ ስንት ነው?

መልስ፦ 10 ሚሊ ግራም ሜቲሊን ብሉ (ሰማያዊ ማቅለሚያ) በ1 ሊትር የተጣራ ውኃ አሟሙና በቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ወደ 2.8 አውርዱ። 25 ሚሊ ግራም ፌረስ ሰልፌት (ባለ 7 ውኃው) ጨምሩ፤ 5 ሚሊ ግራም ብረት ይሰጣል። ፐርኦክሳይዱ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፦ 3 በመቶ ከሆነ 3.3 ሚሊ ሊትር። ሰፊና ጥልቀት የሌለው የመስታወት ዕቃ ተጠቀሙ እንጂ ብረት ዕቃ አይሁን። ለማነጻጸር አንዱን በፎይል ሸፍኑ፣ ሌላውን ያለ ብረትና ያለ ፐርኦክሳይድ ፀሐይ ላይ አኑሩ፤ ሜቲሊን ብሉ በብርሃን ብቻም በመጠኑ ይደበዝዛልና ይህን ሳትቀንሱ ውጤት አትጻፉ።

ጥያቄ፦ በጉድጓድ ውኃ ስሞክር ቡናማ ሆኖ ደፈረሰ፤ ቀለሙም አልለቀቀም።

መልስ፦ ፒኤቹ ከፍ ብሏል። የጉድጓድ ውኃ ባይካርቦኔት አሲዱን ይበላል፤ ፌሪኩም ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል። አሲዱን በጠብታ እየጨመራችሁ፣ ጋዙ እስኪወጣ እያማሰላችሁ ደግማችሁ ለኩ። በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አትተኩት፤ ክሎራይድ ራዲካሉን ይሻማል። ከፋብሪካ የሚመጣ የማቅለሚያ ፍሳሽም በጨው የተሞላ ስለሆነ ከንጹሕ ናሙና ይልቅ ይዘገያል።

ጥያቄ፦ ፐርኦክሳይዱን ባበዛው ይፈጥናል?

መልስ፦ እስከ ልክ ብቻ። ሲበዛ ራዲካሉን ራሱ ፐርኦክሳይዱ ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ፒኤቹን ያን ያህል ሳላወርድ ይቻላል?

መልስ፦ በኦክዛሌት (ከኦክዛሊክ አሲድ የሚገኝ፣ ብረቱን ይዞ ሳይዘቅጥ የሚያቆየው) ይቻላል። ከብረቱ በፊት 34 ሚሊ ግራም ኦክዛሊክ አሲድ (ባለ 2 ውኃው) ጨምሩና ፒኤቹን 5 ገደማ አድርጉ። ለአንድ ብረት ሦስት ኦክዛሌት ይደርሳል፤ ውህዱ እስከ 500 ናኖ ሜትር ገደማ ያለውን ብርሃን ስለሚውጥ ከአልትራቫዮሌቱ ሌላ የሚታየው ሰማያዊ ብርሃንም ይሠራለታል። ኦክዛሌቱ ግን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተለወጠ ያልቃል፤ ሲያልቅ ብረቱ ይዘቅጣል። መርዛማ ስለሆነ በጓንት ያዙት።

ጥያቄ፦ ከቆርቆሮ የተፋቀ ዝገትስ?

መልስ፦ ብቻውን ደካማ ነው። ሄማታይት (አንዱ የብረት ኦክሳይድ ዓይነት) እስከ 590 ናኖ ሜትር ገደማ ብርሃን ቢውጥም፣ የተነሣው ኤሌክትሮንና የተወው ክፍተት ገጽታው ላይ ሳይደርሱ መልሰው ይገናኛሉ። ኦክዛሌት ገጽታው ላይ ሲጣበቅ ግን ነገሩ ይለወጣል፦ ብርሃኑ ኤሌክትሮኑን ከኦክዛሌቱ ወደ ፌሪኩ ያሻግራል፣ ፌረሱም ከዝገቱ ተላቆ ውኃው ውስጥ ይሟሟል። ስለዚህ ዱቄቱን ካጣራችሁ በኋላ በውኃው ያለውን ብረት ሳትለኩ «ገጽታው ሠራው» አትበሉ።

ጥያቄ፦ ውኃው ጠርቷል፤ ቦርከና ወንዝ ላይ ልድፋው?

መልስ፦ አይሆንም። ቀለሙ ሲጠፋ ስብርባሪው ገና አለ። ፐርኦክሳይዱ ማለቁን በመፈተሻ ወረቀት አረጋግጡ፤ የተረፈ ካለ ሲኦዲን (በውኃው ያለውን ብክለት ለማቃጠል የሚያስፈልገውን ኦክስጅን የሚያሳይ ልኬት) ከፍ አድርጎ ያሳያል። ከዚያ በኖራ ፒኤቹን ወደ 7 አምጡ፣ የብረት ዝቃጩን አሳድራችሁ ለዩ፣ ሲኦዲውን ለኩ።