«ከላይ ሲያዩኝ ጤነኛ ነኝ»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 29 ዓመቴ ነው። ደብረ ብርሃን ልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራለሁ። ሁለት ዓመት «አሜባ ነው» እየተባልኩ ኪኒን ስውጥ ከርሜ፣ አዲስ አበባ አንጀቴ በካሜራ ታይቶ «አልሰረቲቭ ኮላይትስ»፣ ማለትም ትልቁ አንጀት እየተቆጣ የሚቆስልበት የረጅም ጊዜ ሕመም፣ ተባልኩ። አሁን ደሙ ቆሟል። ድካሙ ግን አልለቀቀኝም፤ ሆዴ ሲነሳብኝም ፋታ አይሰጠኝም። በአውቶብስ ስለማልችል መሐል ሜዳ እናቴን ካየኋት ዓመት አለፈኝ። አለቃዬ «ሰበብ ታበዣለሽ» ትለኛለች። ይህ አካል ጉዳት ይባላል ወይስ እያጋነንኩ ነው?

መልስ፦ አላጋነኑም። ጥፋቱ በከፊል የእኛም ነው፤ በቀጠሮ ቀን «በቀን ስንቴ ይወጣሉ? ደም አለው?» ብለን እንሸኛለን። እንደ እርስዎ ላለ የአንጀት ብግነት (መቆጣት) ሕመም የተዘጋጀው የአካል ጉዳት መለኪያ ግን ስለ እንቅልፍ፣ ጉልበት፣ ስሜት፣ ሥራና ሰገራን ስለ መቆጣጠርም ይጠይቃል። እናትዎን መጠየቅ አለመቻልዎ ለሐኪምዎ የሚነገር ምልክት ነው።

ድካሙን «የበሽታው ጠባይ ነው» ብለው አይተዉት። ለወራት የፈሰሰ ደም የብረት እጥረትና ደም ማነስ ያመጣል፤ ይመርመሩ። የብረት ኪኒን ከታዘዘልዎ ሰገራዎ ቢጠቁር አይደንግጡ። ደሙ ቢቆምም ብግነቱ ውስጥ ውስጡን ሊቀጥል ስለሚችል እሱም መታየት አለበት። ጭንቀትና ድብርትም ጉልበት ይበላሉ።

ፋታ የሚነሳዎት ደግሞ ብዙ ጊዜ የአንጀቱ መጨረሻ ክፍል ነው፤ ሲቆጣ እንደ ጤነኛው ተለጥጦ ሰገራ መያዝ ያቅተዋል። ለዚህ ሜሳላሚን የተባለው ብግነት የሚያበርድ መድኃኒት፣ በፊንጢጣ የሚገባው ዓይነት ከሚዋጠው ጋር ቢታከል ይረዳል። ብዙ ሰው ስለሚያፍር አይጠይቅም፤ እርስዎ ይጠይቁ።

ለአለቃዎ የሐኪም ወረቀት ይውሰዱ። የበሽታው ስም መጻፍ የለበትም፤ «ሳታስፈቅድ ወደ ሽንት ቤት መሄድ ያስፈልጋታል፣ የስፌት መኪናዋም ለሽንት ቤቱ ቀረብ ይበልላት» ቢል ይበቃል። ሕመሙ ሲያገረሽ፣ የሙከራ ጊዜዎን ከጨረሱ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በ12 ወራት ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የቀሩት ያለ ክፍያ።

ጠበል ይጠጡ፣ መድኃኒትዎን ግን አያቋርጡ። በተለይ ፕሪድኒሶሎን (ብግነት የሚያበርድ ስቴሮይድ) የሚወስዱ ከሆነ በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ እንጂ በአንድ ቀን አይተውም። ሕመሙ በተነሳበት ሰሞን ጾሙን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይመካከሩበት። መገጣጠሚያዎን ቢያምዎ ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ከመድኃኒት ቤት ገዝተው አይዋጡ፤ አንጀቱን ሊቀሰቅስ ይችላል።

ለመሐል ሜዳው መንገድ፣ ብግነቱ መብረዱ ከተረጋገጠ ለጉዞ ቀን ብቻ ተቅማጥ የሚያዘገይ ኪኒን ሐኪምዎ ሊፈቅድልዎ ይችላል። ሾፌሩን ሳይነሳ ያነጋግሩት፤ ቅያሪ ልብስም ይያዙ። ደም ያለው ተቅማጥ በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ሆኖ ትኩሳት ወይም የልብ ምት መፍጠን ከታከለበት ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።