ቀለበቱን ከማሰርህ በፊት ማዕዘኑን እይ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍልዎ። ከጥምቀት በኋላ ቀለበት ላስር ነው። እጮኛዬ ነርስ ናት። ፕሪንሰስ ከት የሚባለውን አራት ማዕዘን አልማዝ ስልክ ላይ አይታ ወደደችው። ዱባይ ያለች እህቴ የሁለት አልማዝ ፎቶ ላከችልኝ። አንዱ 1 ካራት፣ ጥራቱ ኤስአይ2 ነው። ሌላው 0.80 ካራት፣ ጥራቱ ቪኤስ2፤ እንከኑ ያነሰ ማለት ነው አሉ። ዋጋቸው ይቀራረባል። ትልቁን ልውሰድ? ጓደኞቼ ደግሞ «የደላንታ ኦፓል እያለልህ!» ይሉኛል። ካራት የሚሉትስ ያው የወርቁ ነው?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ። ከመጨረሻው ልጀምር። የወርቅ ካራት ንጥረት ነው። 24 ንጹህ ወርቅ፣ 18 ከሆነ ሩብ ያህሉ ሌላ ብረት ነው። የአልማዝ ካራት ግን ክብደት ነው፤ አምስቱ አንድ ግራም ይሞላል። ደሴ ሱቄ መጥቶ «18 ካራት አልማዝ አለህ?» ያለኝ ሰው ነበር። ቢኖረኝ ሱቅ ውስጥ ምን አስቀመጠኝ!

ጓደኞችህን አልቀየማቸውም፤ እኔም የዚያችን የደላንታ ከተማ፣ የወገል ጤናን ኦፓል ስሞርድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ግን ለነርስ ጣት አይሆንም። ኦፓል ከአልማዝ በጣም የለሰለሰ ነው፤ በቀላሉ ይጫራል። የደላንታው ደግሞ ውኃ ይጠጣል። ስትነክረው ቀለሙ ጠፍቶ እንደ መስታወት ያሳያል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። እሷ በቀን ስንቴ እጇን ትታጠባለች? ለጆሮዋ ወይም ለአንገቷ ግዛላት።

አሁን ወደ አልማዙ። አልማዝን የሚጭረው ሌላ አልማዝ ነው፤ ሰው ይህን ሰምቶ የማይሰበር ይመስለዋል። ይሰበራል። የፕሪንሰስ ከት አራቱ ጫፎች ደግሞ ሹል ናቸው። አንዴ የደንበኛ ድንጋይ ቀለበት ላይ ሳስር፣ ድንጋዩን ከሚይዙት የብረት ጥፍሮች የመጨረሻውን ጫን ሳደርገው «ጠቅ» አለ። በማጉያ ሳየው ከጤፍ ያነሰች ስባሪ ከማዕዘኑ ተነሥታለች። ሰውየው ፊቴን አይቶ ነው የገባው። ከኪሴ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ አራት ማዕዘን ድንጋይ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ጫፎቹን ነው።

ስለዚህ ቀለበቱ ማዕዘኖቹን አቅፎ የሚይዝ፣ እንደ «ቪ» የታጠፈ ጥፍር ይኑረው። ድንጋዩም ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ከፍ ካለ ጓንቷን ሲቀድባት ይውላል፣ ከአልጋው ብረት ጋርም ይጋጫል።

ከሁለቱ እኔ 0.80ውን እወስዳለሁ። ደህና የተቆረጠ ባለ 1 ካራት ጎኑ 5.5 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ 0.80ው 5.1 ገደማ። ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ ለማይሞላ ልዩነት ነው የምትጨነቀው። እንዲያውም ጥልቅ ሆኖ የተቆረጠ ድንጋይ ክብደቱን ሆዱ ውስጥ ይደብቅና ከላይ ትንሽ ይመስላል። ካራቱን ብቻ ሳይሆን ሚሊሜትሩን ጠይቅ። ኤስአይ2 ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ግን እንከኑ ማዕዘኑ ላይ ካረፈ የሚሰነጠቀው በዚያው ነው።

ቀለሙን ብዙ አታስብበት። ደረጃው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ከዲ ተነሥቶ ወደ ዜድ በሄደ ቁጥር ድንጋዩ ቢጫ ቢጫ ይላል። ቀለበቱ ነጭ ወርቅ ከሆነ ጂ ወይም ኤች ይበቃል። እንደ እናቶቻችን ቢጫ ወርቅ ከወደደች ጄ እንኳ አያሳፍርም።

የአልማዙ የምርመራ ወረቀት ጂአይኤ ከሚባለው የአሜሪካ የከበሩ ድንጋዮች ተቋም ከሆነ ጥሩ ነው። ሆኖም የአቆራረጥ ደረጃ የሚሰጡት ለክቡ ነው፤ ለአራት ማዕዘኑ አይጽፉም። ያንን በዓይን መፍረድ ያንተ ፈንታ ነው። ከመሬት የወጣ ይሁን በላቦራቶሪ የተሠራ ወረቀቱ ላይ ይነበብ። የላቦራቶሪውም እውነተኛ አልማዝ ነው፣ ዋጋው ግን በጣም ይወርዳል። በተፈጥሮው ዋጋ እንዳይሸጡልህ።

እህትህ ፎቶ ይብቃት፤ ቪዲዮ ትላክ። ድንጋዩን እያዘነበለች፣ አራቱን ማዕዘን ለየብቻ ታንሳ። መሐሉ ጨልሞ የሚቀር ከሆነ ይለፍህ። የጣቷን ልክ ደግሞ በክር ለክተህ እንዳትልክ፣ ክር ይለጠጣል። በዚያው ጣቷ የምታደርገውን ቀለበት ደብቀህ አምጣልኝ፣ እኔ እለካልሃለሁ።